ስኳር ያለበት ሰው ስፖርት ሲሠራ

የሚሠራ ጡንቻ የኢንሱሊንን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባውን ሆርሞን፣ እርዳታ ሳይጠብቅ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላም ኢንሱሊን ለ24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፣ ከወትሮው በተሻለ ይሠራል። ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኛ ስፖርት መድኃኒት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ መጠንም ሰዓትም አለው። ከምግቡና ከሚወጉት ኢንሱሊን ጋር አብሮ መታሰብ አለበት።

ለአዋቂዎች የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በቂ ነው። በተከታታይ ከ2 ቀን በላይ ባይቋረጥ ይመረጣል። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይጨመራል። ይህ ለጀማሪ ሊበዛ ይችላል። ከምግብ በኋላ የ10 ደቂቃ ጉዞም ስኳርን ያወርዳልና ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ዋናው ስጋት ስኳር ከልክ በላይ መውረዱ ነው። ግን ሁሉንም እኩል አያሰጋም። ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው ኢንሱሊን የሚወጉና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖችን የሚውጡ ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሳይለካ አይጀምር። ልኬቱ ከ90 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ቀድሞ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰድ። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት፣ ማለትም ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው፣ ከ250 በላይ ካገኘ ኪቶን (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ይመርመር። ኪቶን ከታየ ስፖርቱ ይቅር። ኢንሱሊን ሲያጥር እንቅስቃሴ ስኳሩንም ኪቶኑንም ያባብሳል። በሚሮጡበት እግር ላይ ተወግቶ ወዲያው መሮጥም ጥሩ አይደለም፤ ኢንሱሊኑ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

አስቸጋሪው ነገር ምልክቶቹ መመሳሰላቸው ነው። ስኳር ሲወርድ ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ ጉልበት ይከዳል። ስፖርትም እንዲሁ ያደርጋል። የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የልቡን መምታት ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ከተጠራጠሩ ቆም ብሎ መለካት ነው። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመር፤ ያንቀዋል። ወዲያውኑ የሕክምና እርዳታ ይጠራ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌሊቱን ነው። ከሰዓት በኋላ የሮጠ ሰው ስኳሩ እንቅልፍ ላይ ሳለ ሊወርድ ይችላል። ከመተኛት በፊት መለካት፣ የምሽቱን ኢንሱሊን ስለመቀነስም ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር የሚገባው ለዚህ ነው። በተቃራኒው፣ በሙሉ ኃይል የተሠራ አጭር ሩጫ አድሬናሊን ስለሚያመነጭ ስኳርን ለጊዜው ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ያን አይቶ ተጨማሪ ኢንሱሊን ለመወጋት መቸኮል አደገኛ ነው።

የዓይናቸው ደም ስሮች ክፉኛ የተጎዱ ሰዎች ትንፋሽ አፍኖ ከባድ ክብደት ማንሳት የለባቸውም፤ ዓይን ውስጥ ሊደማ ይችላል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር አትሰማውም። ስለዚህ ጫማውን ከማድረጉ በፊት በእጁ ይዳብስ፣ ካወለቀ በኋላም መርገጫውን በመስታወት ይመልከት።