የምናየው ጽንፈ ዓለም ዳርቻ

ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን አንስታይን እንኳ ባለበት የረጋ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1923 እዚያ ባለው ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ አንድሮሜዳ በተባለው ደብዛዛ የብርሃን ጉም ውስጥ ድምቀቱ ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ አገኘ። እንዲህ ያሉት ኮከቦች ሴፊድ ይባላሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሄንሪየታ ሌቪት ደግሞ አስቀድማ በ1912 ቁልፉን ሰጥታ ነበር፦ ሴፊድ ደብዝዞ መልሶ እስኪደምቅ የሚፈጅበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀቱም ይበልጣል። ይህ ከታወቀ፣ ለዓይን ምን ያህል እንደደበዘዘ አይቶ ርቀቱን ማስላት ይቻላል። ሀብል ሲያሰላው አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ጋላክሲ፣ ማለትም በስበት የተያያዘ ግዙፍ የኮከቦች ስብስብ ሆኖ ተገኘ። ርቀቱ ዛሬ በምናውቀው ልክ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። (በነገራችን ላይ፣ በግሪኮች አፈ ታሪክ ሴፊየስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ አንድሮሜዳ ደግሞ ልጁ ናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬዋን አገር ብቻ ማለታቸው ባይሆንም፣ ስሞቹን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።)

ቀጥሎ የመጣው የባሰ አስደናቂ ነው። የአብዛኞቹ ጋላክሲዎች ብርሃን ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ ማለትም ከእኛ እየራቁ ነው። ቤልጅየማዊው ቄስና ፊዚሲስት ዦርዥ ለሜትር በ1927፣ ሀብልም በ1929፣ ይበልጥ የራቀው ይበልጥ በፍጥነት እንደሚሸሽ አሳዩ። ጥቁር አዝሙድ የገባበት የድፎ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ሲል አስቡት። ፍሬዎቹ በራሳቸው አይሄዱም፤ ሊጡ ነው የሚያራርቃቸው። መሃል የሆነ ፍሬም የለም፤ ከየትኛውም ሆነን ብናይ ሌሎቹ ሲርቁ ነው የምናየው። አንድሮሜዳ ግን ቅርብ ስለሆነ የስበት ኃይል አሸንፎ ወደ እኛ እየመጣ ነው።

ታዲያ እስከ የት ማየት እንችላለን? ብዙ ሰው ገደቡ የቴሌስኮፕ አቅም ይመስለዋል። ዋናው ገደብ ግን ጊዜ ነው። ጽንፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በላይ የተጓዘ ብርሃን የለም። ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳለ ሕዋው ስለተለጠጠ፣ ያ የመነጨበት ቦታ ዛሬ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቋል። ይህ ግድግዳ ሳይሆን አድማስ ነው። እዚያ ያለ ተመልካች ቢኖር እሱም በራሱ አድማስ መሃል ይቆም ነበር።

ከአድማሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ጉም አለ። በመጀመሪያዎቹ 380,000 ዓመታት ሁሉም ነገር በጣም ስለጋለ ብርሃን መተላለፊያ አልነበረውም። ከዚያ ጉሙ ሲገፈፍ የወጣው ብርሃን ዛሬም ይደርሰናል። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በ1964 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንቴናቸው ላይ የማይጠፋ ጫጫታ ሰሙ። የእርግብ ኩስ ሳይቀር ጠረጉ። ጫጫታው ግን ከሰማይ ሁሉ አቅጣጫ ይመጣ ነበር፤ ያ ጥንታዊ ብርሃን ነበር።

በ1998 ሁለት ቡድኖች ሱፐርኖቫ የሚባሉትን የሩቅ የኮከብ ፍንዳታዎች ለክተው መስፋፋቱ እየፈጠነ መሆኑን አገኙ። ምክንያቱን ጥቁር ኃይል ብለን ሰይመነዋል፤ ምንነቱን ግን ማንም አያውቅም። ፍጥነቱ ራሱ እያከራከረ ነው፦ ከጥንታዊው ብርሃን ሲሰላ 67፣ በሴፊድና በሱፐርኖቫ ሲለካ 73 አካባቢ ይመጣል። መለኪያው ኪሎ ሜትር በሰከንድ ለአንድ ሜጋፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ) ነው። እኔ ከሁሉም በላይ መልሱን የምጓጓለት ይሄን ነው።

መፍጠኑ በዚሁ ከቀጠለ፣ ከ16 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በላይ ካለ ጋላክሲ ዛሬ የሚነሣ ብርሃን መቼም አይደርሰንም። አሁን የምናየው ድሮ የላከውን ነው። እጅግ ብዙ ቢሊዮን ዓመታት ካለፉ በኋላ እዚህ አካባቢ ሰማይ የሚመረምር ቢኖር፣ በስበት ከተሳሰሩት ጎረቤቶቻችን በቀር አንድም ጋላክሲ አያገኝም። ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን የሚነግረው ነገር ከዓይኑ ተሰውሯል።