በደቂቃ የሚቆጠር ሥራ፦ በአሜሪካ በኤጀንሲ በኩል የሚሠሩ የሕክምና አስተርጓሚዎች

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሐኪም እንግሊዝኛ ከማይችል ታካሚ ጋር ሲገናኝ፣ መሀላቸው የሚገባው ሰው ብዙ ጊዜ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አይደለም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ሄድፎን ያጠለቀ ወይም ከሌላ ክሊኒክ መኪናውን እየነዳ የመጣ የኤጀንሲ አስተርጓሚ ነው። ሆስፒታሉ ከኤጀንሲው ጋር ይዋዋላል፤ ኤጀንሲው ደግሞ ከአስተርጓሚው ጋር። ታካሚው ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚሰማው «ጤና ይስጥልኝ፣ የአማርኛ አስተርጓሚዎ ነኝ» የሚል ድምፅ ነው። በስልክ ከሆነ በስም ፋንታ የመለያ ቁጥር ይነገራል።

ትላልቅ ሆስፒታሎች ለስፓኒሽ ቋሚ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ቀኑን ሙሉ ሥራ አይጠፋማ። አማርኛ ግን ዛሬ ሦስት ታካሚ ይኖረውና እስከ ሳምንት ማንም ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታሉ ሰው ከመቅጠር ይልቅ ደቂቃ ይገዛል። በስልክ የማስተርጎም ንግድ ራሱ የተጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1982 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። ከቬትናም ከመጡ ስደተኞች ጋር መግባባት የቸገረው አንድ የሳን ሆዜ ፖሊስ ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው አገልግሎት ኋላ ላንጉዌጅ ላይን የሚባለው ኩባንያ ሆነ። ያንን ኩባንያ ቴሌፐርፎርማንስ የተባለ የፈረንሳይ የጥሪ ማዕከል ድርጅት በ2016 በ1.52 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሙያው በምን ዓይን መታየት እንደጀመረ ከዚህ ብቻ መገመት ይቻላል።

ሆስፒታሎች ይህን ገንዘብ የሚያወጡት በደግነት አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በአንድ የትምህርት ቤት ክስ ላይ የቋንቋ እንቅፋትንም እዚህ ውስጥ አስገባው። በ2010 የወጣው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ፣ ኦባማኬር የምንለው፣ ይህንኑ ለጤና ተቋማት ለይቶ ደነገገ። በ2016 የወጣው ደንብ ደግሞ አስተርጓሚው «ብቃት ያለው» መሆን አለበት አለ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ለእናቱ ማስተርጎምም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ተከለከለ። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ፣ ክሊንተን በ2000 ያወጡትን የቋንቋ ተደራሽነት ትእዛዝ ሽረዋል። ሁለቱ ሕጎች ግን አሁንም አሉ።

ሕጉ ከወረቀት በላይ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ፣ ሙያው ውስጥ የገባ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ በስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። የበላው ወይም የጠጣው ነገር አሞታል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ዕፅ ወስዷል ብለው ያዙት። ችግሩ ግን አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር። ልጁ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ካሣው በዕድሜ ዘመኑ ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተባለ። አስተርጓሚ አልተጠራም ነበር።

ወደ ክፍያው እንምጣ፤ የዚህ ሥራ ሆድ ዕቃ ያለው እዚያ ነው።

ሥራው በሦስት መንገድ ይሠራል፦ በአካል፣ በስልክና በቪዲዮ። በስልክ የሚሠራው ኮንትራክተር (ተቀጣሪ ያልሆነ፣ በውል የሚሠራ ሰው) የሚከፈለው ጥሪው ላይ ላለበት ደቂቃ ነው። በሁለት ጥሪዎች መሀል ጸጥ ብሎ የሚጠብቀው ጊዜ አይቆጠርለትም። ግን ሊነሳ አይችልም። ልጅ ማልቀስ የለበትም፣ ውሻ መጮኽ የለበትም፣ ቡና እንኳ የሚፈላው ድምፁ ተለክቶ ነው። በአካል የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰዓት ዝቅተኛ ክፍያ አለው። ጥሩ ይመስላል። እንበል ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው በጠዋት ባልቲሞር ቀጠሮ አለው። አንድ ሰዓት ይነዳል፣ ፓርኪንግ ይከፍላል፣ ቀድሞ ይደርሳል። ሐኪሙ ያረፍዳል። ቀጠሮው ራሱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ቅጽ ማስፈረም፣ ከዚያ መመለስ። ግማሽ ቀን ሄዶ ለሁለት ሰዓት ተከፈለው። ታካሚው ሳይመጣ ቢቀር፣ «ኖ ሾው» የሚሉት፣ ይከፈል አይከፈል የሚወስነው ውሉ ነው። ከአንድ ቀን ቀደም ብሎ ከተሰረዘ ብዙውን ጊዜ ምንም የለም። ለዚያ ቀጠሮ ብሎ እምቢ ያለው ሌላ ሥራም አብሮ ቀረ።

ኤጀንሲው ከሆስፒታሉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስተርጓሚው በአብዛኛው አያውቅም። ኤጀንሲዎችም የራሳቸው መልስ አላቸው፦ የሆስፒታል ጨረታ የሚያሸንፈው ዋጋ የቀነሰ ነው፣ በብዙ ስቴቶችም ሆስፒታሉ ለአስተርጓሚ ያወጣውን ለብቻው የሚተካለት የለም። እውነት ነው። ግን ዋጋ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ብዙ የኤጀንሲ አስተርጓሚ የሚሠራው 1099 በሚባለው የታክስ ቅጽ ነው፤ ማለትም በሕግ ዓይን ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። ታክስ ከክፍያው ላይ አይቆረጥለትም። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) አሠሪ የሚከፍለውንም ድርሻ ጨምሮ 15.3 በመቶ ራሱ ይከፍላል። የሕመም ፈቃድ የለም፣ ዕረፍት የለም፣ ኢንሹራንስ የለም። በምትኩ የፈለገውን ቀጠሮ መቀበል፣ ያልፈለገውን መተው ይችላል። ለተማሪ፣ ለኡበር ሾፌር ወይም ልጅ ለምታሳድግ እናት ይህ ነፃነት ቀላል ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2020 መጀመሪያ ላይ ብዙ ኮንትራክተሮችን ተቀጣሪ የሚያደርግ ሕግ ሥራ ላይ ስታውል፣ ከተቃወሙት መሀል አስተርጓሚዎችና ተርጓሚዎች ነበሩ። ኤጀንሲዎች ካሊፎርኒያ ያለ ሰው መጥራት ያቆማሉ ብለው ፈሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሕጉ ተሻሽሎ ላላላቸው።

የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2023 የአስተርጓሚዎችና ተርጓሚዎች መካከለኛ የዓመት ገቢ 57,090 ዶላር ነው ብሏል። ይህን ቁጥር አይቶ ሥራ ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ በራሳቸው የሚሠሩት እዚያ ውስጥ አልተቆጠሩም።

መግቢያው ብዙ አይከብድም። 18 ዓመት የሞላው፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰና የ40 ሰዓት ሥልጠና የወሰደ ሰው ለብሔራዊ ፈተና መቀመጥ ይችላል፤ የቋንቋ ችሎታውን ማሳየትም አለበት። ፈተናውን የሚሰጡት ሁለት ድርጅቶች ናቸው፤ የተቋቋሙት በ2009 ነው። አማርኛ ግን በየትኛቸውም ዘንድ የራሱ የቃል ፈተና የለውም። አማርኛ ተናጋሪው የሚወስደው ለሁሉም ቋንቋ የጋራ የሆነውን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የዕውቀት ፈተና ነው። ስለዚህ ሰርተፊኬቱ ሥነ ምግባሩንና የሕክምና ዕውቀቱን እንጂ አማርኛውን አይመዝንም።

ጉዱ ያለው ደግሞ አማርኛው ላይ ነው። «አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኛል» ያለችን ሴት ስለ ጌጥ እንደማታወራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሺንግልስ የሚሉት ነው። «የወፍ በሽታ» ከወፍ ጋር አይገናኝም፤ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ነው። «ምች መታኝ» ለሚለው ቁርጥ ያለ እንግሊዝኛ የለም። እዚህ ላይ አስተርጓሚው ራሱ ከመገመት ይልቅ ሐኪሙ እንዲጠይቅ ያደርጋል። በተቃራኒው «ባዮፕሲ» ሲባል በአማርኛ አንድ ቃል አይበቃም፤ ከእብጠቱ ላይ ትንሽ ሥጋ ቆንጥሮ ለምርመራ መላክ ብሎ ማስረዳት ግድ ነው። ሰዓቱም አለ። ነርሷ መድኃኒቱን «ኤይት» ላይ ይውሰዱ ስትል፣ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ያስተላለፈ አስተርጓሚ ታካሚውን ስድስት ሰዓት አሳስቶታል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።

የሙያው ደንብ አስተርጓሚው እንደ ተናጋሪው ሆኖ በመጀመሪያ መደብ ይናገር ይላል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ «አይ ዎንት ቱ ሲ ዩ» ካለ፣ እሱም «ላይዎት እፈልጋለሁ» ይላል። «ዩ»ን ወደ እርስዎ የሚያዞረው ራሱ ነው፤ እንግሊዝኛው አንቺንና እርስዎን አይለይለትም። አሮጊቷ ግን ድምፁን ሲሰሙ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ? አንተ ብትሆን ኦፕራሲዮኑን ትሆን ነበር?» ይላሉ። ይህንንም እንዳለ ለሐኪሙ ማስተላለፍ አለበት። ለእሳቸው ባለጌ መስሎ ይታያል። ከተማው ውስጥ ያለው አበሻ ደግሞ ጥቂት ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። የሰማውን እንዳልሰማ መሆን የሥራው ግማሽ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ክፉ ወሬ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ በማለዳ ነው። ሐኪሙ ደግሞ በሥራ ሰዓት፣ ቀጥ አድርጎ፣ ለራሱ ለታካሚው ይናገራል። ያንን በአማርኛ የሚያወጣው አፍ የአስተርጓሚው ነው። በስልክ ከሆነ የታካሚውን ፊት አያይም፤ ለቅሶውን ብቻ ይሰማል። ጥሪው ሲዘጋ ሐኪሙ ባልደረባ አለው፣ ነርሷም አላት። ኮንትራክተሩ አስተርጓሚ ግን ጥቂት አየር ልውሰድ ብሎ ከመስመር ከወጣ፣ የወጣበት ደቂቃ የራሱ ወጪ ነው።

ሌላ ዓይነት አሠራር አለ። እስራኤል ውስጥ የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋ እንዲያመቻቹ አዘዘ፤ ኋላም አማርኛን ጨምሮ በተወሰኑ ቋንቋዎች የሚሠራ የስልክ ማዕከል ከፈተ። እዚያ የአማርኛ መስመር ከጤና ፖሊሲው ጋር አብሮ የታሰበ ነገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩን ገፍታ የሄደችው ዋሽንግተን ስቴት ናት። በ2010 የወጣ ሕግ በስቴቱ ገንዘብ ለሚከፈል ቀጠሮ የሚሄዱ አስተርጓሚዎች ኮንትራክተር እንደሆኑ በማኅበር ተደራጅተው እንዲደራደሩ ፈቀደ። ማኅበራቸው «ኢንተርፕሪተርስ ዩናይትድ» ይባላል፤ የስቴቱ ሠራተኞች ማኅበር አካል ነው። የሰዓት ክፍያው፣ የተሰረዘ ቀጠሮ፣ ታካሚው የቀረበት ቀጠሮ፣ ሁሉም ከስቴቱ ጋር በሚፈረም ስምምነት ላይ ተጽፏል። ሲያትልና አካባቢዋ ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎችም በዚህ ይሠራሉ። ስምምነቱ የሚሸፍነው ግን ስቴቱ የሚከፍልበትን ቀጠሮ ብቻ ነው። ያው ሰው ከሰዓት በኋላ ኢንሹራንሱ የግል ለሆነ ታካሚ ከተጠራ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው እንደ ድሮው ኤጀንሲው ነው።