«ቤሳ ቤስቲን የለኝም»፦ ትርጓሜውና አመጣጡ

በጎጃም ገበያዎች፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ብድር የተጠየቀ ሰው እጁ ባዶ መሆኑን ከሚያስረዳባቸው አነጋገሮች አንዱ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚለው ነው። ትርጉሙ ገንዘብ አነሰኝ ማለት ሳይሆን ከገንዘብ ሁሉ የመጨረሻዋ ትንሽ እንኳ በእጄ አልቀረችም ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ሁልጊዜ «የለኝም»፣ «አልሰጠኝም»፣ «ሳልይዝ ገባሁ» ከሚሉ የአሉታ ማሰሪያዎች ጋር ይሄዳል እንጂ «ቤሳ ቤስቲን አለኝ» የሚል ሰው አይሰማም። የጤፍ ዋጋ ወርዶበት ከቡሬ ገበያ የተመለሰ ገበሬ፣ ጎረቤቱ «አያ፣ ገበያው እንዴት ዋለ?» ቢለው «ምን ገበያ አለ ወንድሜ፣ ቤሳ ቤስቲን ሳልይዝ ገባሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ሲል በኪሱ ጥቂት ብር ሊኖር ይችላል፤ ጎረቤቱም ይህን ሳይጠረጥር አይቀርም፤ ነገር ግን አነጋገሩ የሚገልጸው ቅሬታውን እንጂ ሒሳቡን ስላልሆነ አይከራከረውም።

ቤሳ በእርግጥ የነበረ ገንዘብ ነው። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ በፓሪስ ያስቀረጹት ብር በመጀመሪያ 20 ግርሽ ወይም 40 ቤሳ፣ ኋላም 16 ግርሽ ወይም 32 ቤሳ ሆኖ ይመነዘር ስለነበር፣ ቤሳ በሁለቱም ሒሳብ የግርሽ ግማሽ ነበር። 1889 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተቀረጸባት፣ የብር 1/32ኛ የሆነች የመዳብ ሳንቲምም ነበረች። ስሙ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የሕንዶቹ «ፓይሳ» በዓረብ ነጋዴዎች አፍ ተለውጦ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሲዘዋወር ወደ እኛም ደርሷል። ጣሊያኖች በሶማሊያ ግዛታቸው ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጧቸው የ1፣ የ2 እና የ4 ቤሳ ሳንቲሞችም ይህንኑ ስም የያዙ ናቸው። «ቤስቲን» የሚለው ተከታይ ቃል በዛሬው አማርኛ ለብቻው አይነገርም፤ ሥራው ቤሳን አስከትሎ ምንም አለመኖሩን ማጽናት ነው።

አነጋገሩ በጎጃም ክብደት ያገኘበትን ምክንያት ለመረዳት ከቤሳ በፊት የነበረውን ግብይት ማሰብ ይጠቅማል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ የመጣ ወርቅና ቡና በሚሸጥበት በባሶ ገበያ ትልቁ መገበያያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን፣ ለአነስተኛው ግዢ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። ጠገራ ለጥቃቅን ነገር አይመችም፤ አሞሌም ይሰበራል፣ ዝናብ ያሟሟዋል። የመዳብ ሳንቲም ወደ ገበያ ሲገባ ሊቆጠር የሚችለው የገንዘብ ትንሹ ነገር መለኪያ አገኘ፤ ድህነትም ከዚያ መለኪያ በታች መሆን ሆነ።

የቤሳ ሒሳብ ግን ብዙ አልቆየም። በ1923 ዓ.ም. በወጡት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ብር በ100 መቶኛ ተከፈለ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ሳንቲም የመቶኛን ቦታ ያዘ። ከዚያ በኋላ «ሰባራ ሳንቲም የለኝም» የሚለው አባባል ከቤሳ ጎን መሰማት ጀመረ። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸችው፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ የሚታይባት የአሉሚኒየም አንድ ሳንቲምም የቤሳ ዕጣ ደርሷታል፤ የምትገዛው ነገር ስለጠፋ ከመልስነት ወጥታ በየሣጥኑ ሥር ቀርታለች። በመልስ ፈንታ ማስቲካ የሚሰጥ ባለሱቅ የዚሁ ታሪክ ተካፋይ ነው።

ለሳንቲም ሰብሳቢ የዋጋው ሥርዓት የተገለበጠ ነው። ጠገራ ብር በብዛት የተሠራ ከመሆኑም በላይ፣ ከማርያ ቴሬዛ ሞት በኋላም ሲመታ ቀኑ 1780 እ.ኤ.አ. ሆኖ ስለቀጠለ፣ የቀኑ አሮጌነት ብቻ ብርቅ አያደርገውም፤ ብዙውም በአንጥረኞች እጅ ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆኗል። ትንሿ መዳብ ግን ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ጽሑፏ ስለሚፋቅ፣ ንጹሕ ሆና የቆየችው ትፈለጋለች። የምኒልክን ብር የሚመረምር ሰው ዓመቱ ቢደበዝዝበት አንበሳውን ይመልከት፤ በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. ብሮች ላይ የተነሣው የአንበሳው ግራ የፊት እግር ሲሆን፣ በ1892 እና በ1895 ዓ.ም. ብሮች ላይ ግን ቀኙ ነው። የአያትን ሳንቲም በአመድና በሎሚ ፈግፍጎ የሚያጸዳ ሰው ደግሞ ሰብሳቢው የሚከፍልበትን የዕድሜ መልክ አብሮ ያጥባል።