በርንአውት ምንድን ነው?

ቅዳሜና እሑድን ተኝታችሁ አሳልፋችሁ ሰኞ ጠዋት ያው ከሆናችሁ፣ የጎደላችሁ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። ድካም ሲያርፉ ይወጣል። በርንአውት ግን የሥራ ጫና ለረጅም ጊዜ ሳይቃለል ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው። ጫናው እዚያው እየጠበቀ እረፍት ብቻውን አይፈታውም።

ቃሉን ወደ ሥነ ልቦና ያስገባው የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974። ቀን የራሱን ታካሚዎች ሲያይ ውሎ፣ ማታ ኒውዮርክ ውስጥ ባለ ነፃ ክሊኒክ ያገለግል ነበር። እዚያ በጋለ ስሜት የጀመሩት በጎ ፈቃደኞች ቆይተው ሲዝሉና በትንሽ በትልቁ ሲነጫነጩ አየ። ልብ በሉ፣ ሰነፎቹ አልነበሩም። ይህን የምለው እኛ ጋ እንዲህ የሆነን ሰው «ሰነፈ» ማለት ስለሚቀናን ነው።

በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለችው ተመራማሪ ነገሩን በሦስት ምልክቶች ለየችው። አንዲት ነርስ እንውሰድ። መጀመሪያ አቅሟ ያልቃል፤ ተረኛ ሳትሆን እንኳ ዝላለች። ቀጥሎ ልቧ ይደነድናል። በስማቸው ትጠራቸው የነበሩት እናት አሁን «አልጋ 6» ሆነዋል። ሦስተኛው «ብሠራም ባልሠራም ለውጥ የለውም» የሚለው ስሜት ነው። እኔ በጣም የምፈራው ሁለተኛውን ነው። ሰው ድካሙን ያውቀዋል፣ መደንደኑን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው ሌላ ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በርንአውት አለ፤ ግን እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ተብሎ ነው።

ታዲያ ቴራፒስት፣ ማለትም በንግግር የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ድብርት አለመሆኑን ያጣራል። በርንአውት የሚጀምረው ከሥራው ነው። ድብርት ግን ሠርግ ቤትም፣ ቡና ላይም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሊመጡም ይችላሉ። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ያዝላሉና ሐኪም ቢያይ ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ይገባል። ነርሷን «ትናንት ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ» ይላታል። ማታ 4 ሰዓት ላይ አለቃ የላከው የቴሌግራም መልእክት የሚወጣው ያኔ ነው። «ወዲያው ካልመለስኩ ጉድ ይፈላል» ትላለች። በእርግጥ ይፈላል? ይህን በክርክር ሳይሆን በተግባር ይሞክሩታል፦ አስቸኳይ ያልሆነውን ጠዋት ትመልሳለች፣ የሆነውን ጽፋ ትመጣለች። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ፍርሃቷ ልክ ሆኖ ይገኛል። ያኔ የሚስተካከለው አስተሳሰቧ ሳይሆን የሥራው አሠራር ነው።

እዚህ ላይ ቴራፒ ወሰን አለው። ማስላክ ከሥራ ባልደረባዋ ማይክል ላይተር ጋር ባደረገችው ጥናት ሰውን ከሥራው የሚያጣሉት ስድስት ነገሮች ናቸው፦ የሥራ ብዛት፣ የመወሰን ሥልጣን ማጣት፣ የማይመጥን ክፍያና ምስጋና፣ የባልደረቦች ግንኙነት መበላሸት፣ አድልዎ፣ ከራስ እምነት ጋር የሚጋጭ ሥራ። ከእነዚህ ስንቱን በረጅሙ በመተንፈስ ትፈቱታላችሁ? ሠራተኛ ሳይጨምሩ የጭንቀት መቀነሻ ሥልጠና የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድዱኛል።

«ሥራውን ልቀቂ» ማለትም ቀላል ነው፤ የቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ቴራፒስቱ ጋ የሚለማመዱት አለቃን እንዴት እንደሚያናግሩ ነው። «ደክሞኛል» ሲባል አለቃው «ሁላችንም ደክሞናል» ብሎ ይዘጋዋል። «የሌሊት ተራዬ ሦስት ቀን እንዳይከታተል፣ ከእገሌ ጋር ለመቀያየር ተስማምተናል» ሲባል ግን አዎ ወይም አይ ማለት አለበት።