ባላንጣው ሰው ያልሆነበት ልብወለድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጊዜ፣ መርሳት፣ ወረርሽኝ፣ ዕጣ ፈንታ። እነዚህን ባላንጣ አድርጎ ልብወለድ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ብዙ ምክር ይሰማል። አንዳንዱ ምክር ጥሩ ሐሳብ ገና ሳይጻፍ ያስጥላል።

«ባላንጣ የግድ ሰው መሆን አለበት»

የለበትም። ባላንጣ ማለት ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚፈልገውን እንዳያገኝ የሚከለክለው ነው፣ በቃ።

«ኃይሉን ሰው ካስመሰልኩት ይበቃል»

ሞትን ጥቁር ካባ አልብሶ ማናገር አንዳንዴ ያምራል። ግን አንደበት ስላገኘ ብቻ አያስፈራም፤ አንባቢ የሚፈራው ኃይሉ የሚያደርገውን ሲያይ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ አልቤር ካሙ በ1947 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ስለ ወረርሽኝ የሚተርክ ልብወለድ ተመልከቱ። በሽታው አንዲት ቃል አይናገርም። ታሪኩ የሚፈጸምባት የአልጄሪያዋ ኦራን ከተማ በሮች ሲዘጉ ግን ጋዜጠኛው ሌላ አገር ካለች ፍቅረኛው ይነጠላል፣ ሐኪሙ ደግሞ ለሕክምና ከከተማ የወጣች ሚስቱን ዳግም ማየት ያቅተዋል። በሽታው አንድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰው የሚቀማው ግን ይለያያል። እኔ ከዚህ መጽሐፍ ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄንን ነው።

«ጭብጥ ካለኝ ባላንጣ አለኝ»

«ልብወለዴ ስለ ጊዜ ነው» ማለት ጊዜ ማንን ምን እንደከለከለ አይነግረንም። ገጸ ባሕርያቱ ቁጭ ብለው ስለ ጊዜ ጨካኝነት የሚፈላሰፉባቸውን ገጾች አውጡና ታሪኩን እንደገና አንብቡት። ምንም ካልጎደለ ባላንጣው ገና አልገባም ማለት ነው።

«ረቂቅ ኃይል ሁሉን ቻይ ነው፣ ሕግ አያስፈልገውም»

ብዙ ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በፈለገው ሰዓት የፈለገውን የሚያደርግ ኃይል ልብ አይሰቅልም፣ ምክንያቱም አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመትም መስጋትም አይችልም። መርሳትን እንውሰድ። ትዝታን ቀስ በቀስ በሚያጠፋው በአልዛይመር በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ትዝታ ነው፤ የልጅነቱ ቆይቶ ይሄዳል። አሁን አንድ ሽማግሌ አስቡ፦ ልጁን ያሳደጋት እሱ ነው፣ ወላጅ እናቷ በሕይወት እንዳለች ያወቀው ግን ባለፈው ወር ነው። በልጅነቱ የዘመረውን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል፣ ልጁ የምትፈልገው አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ከሚጠፉት ውስጥ ነው። ሕጉን አንባቢው ስለሚያውቅ ሽማግሌው «ነገ እነግራታለሁ» ባለ ቁጥር ይጨነቃል። ይሄ ሁሉ ጭንቀት የመጣው ከአንድ ሕግ ነው!

ገጸ ባሕርዩ ግን ሕጉን የግድ ማወቅ የለበትም። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ ከሞተ በኋላ በ1925 እ.ኤ.አ. በታተመው ስለ ፍርድ ቤት በሚተርከው ልብወለዱ፣ ተከሳሹ የተከሰሰበትን ወንጀል እስከ መጨረሻው አያውቅም። ችሎቱ ግን የራሱ ቀጠሮ፣ የራሱ ጸሐፊዎችና የራሱ አሠራር አለው።

«ኃይሉ ካልተሸነፈ ታሪኩ አያልቅም»

ጊዜን ማን ያሸንፋል? የካሙ ታሪክ እንኳ የሚያልቀው ባክቴሪያው መቼም እንደማይሞት እያስጠነቀቀ ነው። ማለቅ ያለበት የሰውየው ጥያቄ ነው። ሽማግሌው ከመርሳት አያመልጥም፣ ምናልባትም የነገራትን ራሱ በማግስቱ ይረሳዋል። ልጅቷ ግን ሰምታለች፤ እናቷን ትፈልግ ወይ አትፈልግ የምትወስነው እሷ ናት፣ ጡዘቱም፣ ማለትም ታሪኩ ከሁሉ በላይ የሚከርበት ቦታ፣ እዚያ ውሳኔ ላይ ይሁን።