ኮንከሽን ምንድን ነው? «ናላው ዞረ» የምንለው ነገር ነው

ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የስፖርት ወሬ እሰማ ነበር። ተንታኙ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭቶ ስለወደቀ ተጫዋች ያወራል። «ኮንከሽን እንኳን አይደለም» አለ። «ራሱን አልሳተም። ናላው ትንሽ ዞሮበት ነው፤ ውሃ ሲያፈሱበት ተነስቷል።»

ይህን ከአሰልጣኝም፣ ከዳኛም፣ ከወጌሻም ሰምቼዋለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የታዳጊዎች ጨዋታ ሲኖር ሜዳ ዳር እቆማለሁ። አሁንስ በዛብኝ።

ወንድሜ፣ ናላ ማለት እኮ አንጎል ማለት ነው። ተመቶ ናላው ዞረ ካልክ፣ አንጎሉ ተናውጧል ብለህ እየጠረጠርክ ነው። ኮንከሽንም ይኸው የአንጎል መናወጥ ነው። አንተ ራስህ በአማርኛ መርምረህ አገኘኸው፤ ከዚያ በባዕዱ ስም ሲጠራ «አይደለም» አልክ።

ራስን መሳት የኮንከሽን መለያ አይደለም። ኮንከሽን ከደረሰባቸው 10 ስፖርተኞች ራሱን የሚስተው ቢበዛ አንዱ ገደማ ነው። የቀሩት ቆመው ይሄዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ኳስም ያቀብላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የጀርመኑ ክሪስቶፍ ክራመር ከአርጀንቲናው ጋራይ ጋር ተጋጨ። ተነስቶ ከ10 ደቂቃ በላይ ተጫወተ። ከዚያ ወደ ዳኛው ወደ ሪዞሊ ሄዶ ይሄ ጨዋታ ፍጻሜው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ዓለም ሁሉ እያየው፣ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። በ31ኛው ደቂቃ ተቀየረ።

ውስጡ ምን እንደሚሆን በጣና ታንኳ ላስረዳ። የደንገል ታንኳ ላይ እርጎ የሞላበት ቅል ተጭኗል እንበል። ታንኳው እየፈጠነ መጥቶ ከዳር ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ቀጥ ይላል። እርጎው ግን ጉዞውን አላቆመም። ከቅሉ ፊት ይላተማል፣ ተመልሶ ከኋላው ይላተማል። ባለታንኳው ወርዶ ደንገሉን በእጁ ይዳብሳል፤ አልተበጠሰም። «ደህና ነው» ይላል። ቅሉን ግን አልከፈተም።

እርጎው እንዲናጥ የግድ ድንጋይ አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ሲነሳ አንድ ኃይለኛ ሞገድ ይበቃዋል። ተጫዋችም ደረቱን ወይም ትከሻውን በኃይል ተመቶ አንገቱ ወደኋላ ቢወረወር፣ ጭንቅላቱን ማንም ሳይነካው ኮንከሽን ሊይዘው ይችላል። «ጭንቅላቱን መች ተመታ?» ብሎ መከራከር ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ሲቲ ስካኑ ንጹህ ነው የሚሉም አሉ። ሲቲ ስካን የሚያየው ቅሉ መሰንጠቁን ወይም ውስጡ ደም መፍሰሱን ነው። ለዚያ በጣም ያስፈልጋል። መናጡን ግን አያሳይም። በኮንከሽን የሚታወከው በዋናነት የአንጎል ሴሎች አሠራር ነው። ፖታሲየም ከሴሉ ይወጣል፣ ካልሲየም ይገባል። ሴሉ ያንን ለማስተካከል ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ የደም ዝውውሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይቀንሳል። በዚህ መሃል ሁለተኛ ምት ቢመጣ ጉዳቱ ይከፋል። እምብዛም አይታይም እንጂ፣ በተለይ ታዳጊዎች ላይ፣ አንጎል አብጦ ለሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ታንኳው እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ የተናጠ እርጎ ወደ ቀድሞው አይመለስም፣ አንጎል ግን ጊዜ ከሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል።

መጋቢት ላይ አንድ እሑድ ጠዋት አባይ ማዶ ነበርን። የማዕዘን ምት ተሻማና ሁለት ልጆች ለቴስታ ዘለሉ። ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። አንደኛው፣ የ15 ዓመት ተከላካይ፣ ወዲያው ተነሳ። ውሃ አፈሰሱበት። ስጠጋው የቁምጣውን ክር ሊያስር ይታገላል። ጣቶቹ ክሩን ያገኙታል፣ ቋጠሮው ግን አይመጣለትም። አሰልጣኙ «ደህና ነህ?» አለው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ነህ?» በእኛ አገር ሰላምታ ነው። የታመመም፣ ያዘነም «ደህና፣ ይመስገን» ነው የሚለው። በሰላምታ ሰው አይመረመርም። እኔ «መጨረሻ ላይ ያገባው ማነው?» ስለው ወደ አሰልጣኙ ዞሮ «እየመራን ነው አይደል?» አለ። 2 ለ 0 እየተመሩ ነበር። አሰልጣኙ «ተወው እባክህ፣ ጠንካራ ልጅ ነው» አለኝ። ወጣቱ ዳኛ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና ልጁን ወደ ተቀያሪ ወንበር ላከው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ እዚያው አስታወከ።

ጥያቄዎቹ አዲስ አይደሉም፤ በዓለም ላይ የታወቁ ናቸው። የት ሜዳ ላይ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ያገባው ማነው? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? አንዱን ከሳተ ይወጣል፣ በዚያ ቀንም አይመለስም። ሁሉንም መለሰ ማለት ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ብዥታ፣ መንገዳገድ ወይም እንደወትሮው አለመሆን ብቻውን ይበቃል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣበትም ጊዜ ስላለ፣ ማታ ቤት ውስጥ የሚያየው ሰው ይኑር።

ዳኞች «ሐኪም አይደለንም» ይሉኛል። እውነት ነው። ግን ሕጉ ምርመራ አልጠየቃችሁም። ከባድ ጉዳት ደርሷል ብላችሁ ካሰባችሁ ጨዋታውን አስቁማችሁ ተጫዋቹ ከሜዳ እንዲወጣ ማድረግ የእናንተ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሕጉ ውድድሮች ለኮንከሽን ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ በር ከፍቷል። ቅያሪ እንደልብ በሆነበት የታዳጊዎች ጨዋታ ላይማ ምን ምክንያት አለን?

ከወጣ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት አያስፈልግም። አንድ ሁለት ቀን ረፍት፣ ስልክና ቴሌቪዥን ቀነስ፣ ቀስ ያለ የእግር ጉዞ። ከዚያ ቢያንስ አንድ አንድ ቀን እየሰጡ በደረጃ መመለስ ነው፤ የልምምድ ግጥሚያና ቴስታ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፣ ያውም ሐኪም ሲፈቅድ። ተማሪ ከሆነ ትምህርቱ ይቀድማል።

ካነሳነው አይቀር ስለ አንገትም ልበል። አንገቱን ካመመው ወይም እጅ እግሩን ከደነዘዘው አታንሱት። ክንዱን ይዛችሁ ባጃጅ ላይ አታስቀምጡት። ባለበት ይሁን፣ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ በቃሬዛ የሚያነሳ የሠለጠነ ሰው ይምጣ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ በፍጥነት ሆስፒታል ነው።

ይቺ የመጨረሻዋ የሐይቁ ዳር ነገር ናት። እኛ ጋ ራስ ምታትና ማስመለስ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ መታሰቡም ልክ ነው። ልጁ ሰኞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ደሙን ይሰጣል፣ ውጤት ይጠብቃል፣ ስለ እሑዱ ጨዋታ ግን ማንም አይጠይቀውም። እናቱም ሜዳ አልነበሩም። ስለዚህ አሰልጣኞች፣ ያኑ ዕለት ወደ ቤተሰቡ ደውሉና «ዛሬ ጭንቅላቱን ተመቷል፣ ሐኪም ጋ ከሄዳችሁ ይህን ንገሩ» በሏቸው።