በክዋርትዛይት በረሃ ስለሚከርሙት ጡረተኞች የሚባለውና እውነቱ

ከፊኒክስ ተነስቶ በአውራ ጎዳና 10 ወደ ካሊፎርኒያ የሚነዳ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ክዋርትዛይት የምትባል የአሪዞና ከተማ ይደርሳል። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 2,400 ገደማ ነበሩ። በጁላይ ያለፈባት ሰው ነዳጁን ቀድቶ፣ ውኃውን ገዝቶ፣ የመኪናውን በር ቶሎ ዘግቶ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋልና። በጃንዋሪ የተመለሰ እንደሆነ ግን ሌላ ከተማ የደረሰ ይመስለዋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሜዳው ሁሉ አርቪ በሚባሉት ተሽከርካሪ ቤቶች ተሞልቷል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ አላቸው፤ ገሚሱ በራሱ ሞተር ይሄዳል፣ ገሚሱ በፒክአፕ ይጎተታል። ውስጣቸው ያሉት በአብዛኛው ከሚኒሶታ፣ ከሁለቱ ዳኮታዎች፣ ከዋሽንግተንና ከካናዳ ብርድ ሸሽተው የወረዱ ጡረተኛ ባልና ሚስት ናቸው።

በዚህ መንገድ ጭነት የምናመላልስ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ማደያ ላይ ቆመን ስለ እነዚህ ሰዎች የምናወራው ግን አብዛኛው ግምት ነው። የእኛም ወላጆች፣ እኛም ራሳችን፣ ወደ ጡረታ እየተጠጋን ስለሆነ ነገሩን አጥርቶ ማወቁ አይከፋም።

«ጧሪ ያጡ ምስኪኖች ናቸው»

የመጀመሪያው ፍርዳችን ይህ ነው። የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት ከባለቤታቸው ጋር በረሃ ላይ መኪና ውስጥ ሲያድሩ ያየ ሐበሻ «ልጅ የላቸውም እንዴ?» ይላል። አላቸው፤ ብዙዎቹ የልጅ ልጅ አይተዋል። ገናን ከቤተሰብ ጋር አክብረው በጃንዋሪ መጀመሪያ የሚነሱ ብዙ ናቸው። ቤትም አላቸው። ከመነሳታቸው በፊት ውኃውን ከዋናው ይዘጉና ቧንቧው ውስጥ የቀረውን አንጠፍጥፈው ያወጡታል፤ ካልሆነ የሚኒሶታ ብርድ ቧንቧውን አፈንድቶ ይጠብቃቸዋል። ቁልፉን ለጎረቤት፣ በረዶ ጠረጋውን ለሰፈር ልጅ ሰጥተው ነው የሚወጡት።

በአገራችን ሽማግሌን የሚጦር ልጁ ነው፤ ስለዚህ ከልጅ የራቀ ሽማግሌ የተጣለ ይመስለናል። እዚህ የመጦሩን ትልቅ ድርሻ የወሰደው በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ነው። ዛሬ የጡረተኛ አማካይ ክፍያ በወር 2,000 ዶላር ገደማ ሲሆን ሰውየው የትም ይሁን የት ገንዘቡ በየወሩ ባንኩ ይገባል። ልጅን መጠጋት የፍቅር ጉዳይ እንጂ የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህ በጎ ነው አይደለም የሚለውን ሌላ ቀን እንከራከርበታለን።

ሁሉም በምርጫው ነው የመጣው ማለት ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። 2,000 ዶላር ብዙ ከተማ ውስጥ የቤት ኪራይና የምግብ አይሆንም። ሁለት ጡረታ የሚገባበት ባለ 12 ሜትር አርቪና ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንድ ጡረታ በአሮጌ ቫን የምትኖር ሴት እዚያው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የሴትዮዋ ቫን የክረምት መዝናኛ አይደለም፤ ቤቷ ነው። ቫኑን አይቶ ግን መፍረድ አይቻልም፤ ትልቅ ቤት እያላቸው በትንሽ ቫን መከረም የሚወዱም አሉ።

«መሬቱ የማንም ስላልሆነ የፈለጉበት ይሰፍራሉ»

መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረውም የፌዴራል የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። በነጻ መስፈር የሚፈቀድባቸው ሰፊ ቦታዎች አሉ፤ በ28 ቀናት ውስጥ ግን ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም። ከዚያ 25 ማይል፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መራቅ ግድ ነው። ክረምቱን በሙሉ አንድ ቦታ መቆየት ለሚፈልጉ ቢሮው ከ1983 ጀምሮ የረጅም ጊዜ ማረፊያዎችን ከልሏል። ትልቁ ከክዋርትዛይት በስተደቡብ ያለው ላ ፖሳ ሲሆን ስፋቱ ከ4,500 ሄክታር ይበልጣል። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለሚዘልቀው ፈቃድ ለብዙ ዓመታት የሚከፈለው 180 ዶላር ነበር። የዘንድሮውን ዋጋ ከመነሳት በፊት ቢሮውን መጠየቅ ነው።

ለሰባት ወር 180 ዶላር! ስሌቱን የሰማ ሁሉ ይደነግጣል። ግን የሚሰጠው መሬት ብቻ ነው፤ መብራት የለም፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ቧንቧም የለም። ውኃ የሚቀዳበት፣ ቆሻሻ የሚጣልበትና ፍሳሽ የሚራገፍበት የጋራ ቦታ አለ፤ ሌላው ለባለቤቱ የተተወ ነው።

«መብራትና ውኃ ከሌለ ኑሮው ስቃይ ነው»

ስቃይ አይደለም፤ ሥራ ነው። ላ ፖሳ ላይ ልምድ ያለው ሰው መኪናውን ሲያቆም ዝም ብሎ አያቆምም። በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ያለበትን ጎን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጥላው ያዞራል፤ ትልልቆቹን መስኮቶች ወደ ደቡብ፣ ወደ ፀሐይ። ቀጥሎ ውኃ ልክ አስቀምጦ መኪናው ወደ አንድ ወገን አለማዘንበሉን ያያል፤ ማቀዝቀዣው ካዘነበለ በደንብ አይሠራም። ጣሪያው ላይ ያሉትን የሶላር ሰሌዳዎች ደግሞ በድጋፍ እግሮቻቸው አንስቶ ወደ ደቡብ ያጋድማቸዋል። በዲሴምበር እኩለ ቀን የዚህ አገር ፀሐይ ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ተንጋሎ የተኛ ሰሌዳ ብዙ ኃይል ያመልጠዋል። ባትሪው ካልሞላ ጄኔሬተር አለ፤ እርሱም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፁ መሰማት የለበትም። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው በአብዛኛው ይህ ነው።

ውኃው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አርቪው የሚይዘው እንደ መጠኑ ከ150 እስከ 400 ሊትር ቢሆን ነው። የሻወሩ ውኃ እስኪሞቅ የሚፈሰው ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ ይያዛል፤ ሰውነት ይረጥባል፣ ውኃው ይዘጋል፣ ሳሙና ይመታል፣ እንደገና ተከፍቶ ይታጠባል። ሁለት ሰዎች ከለመዱት በቀን 20 ሊትር ይበቃቸዋል። በማድጋ ቀድቶ ያደገ ሰው ይህን ተአምር አይለውም።

የሚወጣው ውኃ በሁለት ታንከር ይጠራቀማል፦ የእጣቢው ለብቻ፣ የመጸዳጃው ለብቻ። የመጸዳጃው ታንከር ማፍሰሻ ታንከሩ እስኪሞላ ድረስ አይከፈትም፤ ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ሄዶ ጠጣሩ ይቀርና ይደርቃል፤ ያን ጊዜ የሚጠራው ባለሙያ በርካሽ አይመጣም። ማራገፊያው ጋር ሲደርሱ ባልየው ጓንት ያጠልቃል፣ ወፍራሙን ቱቦ ይገጥማል፣ መጀመሪያ የመጸዳጃውን ይለቃል፣ ከዚያ የእጣቢውን፤ ሳሙናማው ውኃ ቱቦውን አጥቦት እንዲወርድ ነው። ሥራውን የሚወድ ሰው የለም። ከኋላ ተሰልፈው የሚጠብቁት ግን ጀማሪን በአንድ እይታ ያውቁታል፤ ብዙውን ጊዜም ወርደው ያግዙታል።

«በረሃ ምንጊዜም ሙቀት ነው»

ቆላና ደጋን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ክዋርትዛይት ከባሕር ወለል 270 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት። በጃንዋሪ ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ግን ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ውኃ ይረጋል። እዚያው አሪዞና ውስጥ ያለችው ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ላይ ናት፤ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ትንሽ ቢያንስም በዓመት ከ2 ሜትር በላይ በረዶ ይወርድባታል። «አሪዞና ሞቃት ነው» ብሎ በጃንዋሪ ወደ ፍላግስታፍ የሄደ ሰው ከሚኒሶታ መውጣቱ ትርጉም አይኖረውም።

ስለዚህ ሌሊት ማሞቂያ ያስፈልጋል። የአርቪው የጋዝ ማሞቂያ አየሩን የሚገፋበት ማራገቢያ ባትሪ ይበላል፤ ያንን ለማዳን ብዙዎች ጭስ ማውጫ የሌለው ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ይጨምራሉ። መስኮት ገርበብ ካላደረጉና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው የሚሠራ ካልሆነ ይህ ይገድላል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ስንቱን እንደፈጀ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

«እባቡና ጊንጡ!»

ጭራውን የሚያንሿሿው እባብ በብርድ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ በሞቀ ቀን ብቅ ሊል ስለሚችል ድንጋይ በባዶ እጅ አለማንሳት ይበቃል። ከእባብ ይልቅ የሚያስቸግረው የበረሃ አይጥ ነው። ሌሊት ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሽቦ ይቆርጣል። ማታ ማታ ኮፈኖአቸውን ከፍተው ሥሩ መብራት የሚያበሩ መኪኖች ያየ ሰው ተበላሽተው ይመስለዋል፤ አይጡ ጨለማ እንዳያገኝ ነው። ሌላው አደጋ ደራሽ ውኃ ነው። ደረቅ ወንዝ ላይ መስፈር፣ አሸዋው የቱንም ያህል ለስላሳና ምቹ ቢሆን፣ አይደረግም፤ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ እዚህ ይደርሳል።

«ርካሽ ኑሮ ነው»

ቦታው ርካሽ ነው፤ ቤቱ አይደለም። አርቪ እንደ ቤት ዋጋው አይጨምርም፤ ከሻጩ ግቢ በወጣ ቀን መርከስ ይጀምራል። ከሚኒያፖሊስ ክዋርትዛይት ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ነው። ትልቁ አርቪ በጋሎን 9 ማይል ቢሄድ ለመሄጃ ብቻ ከ200 ጋሎን በላይ ነዳጅ ይጠጣል። ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፤ ብዙ ስለሚቆምና ፀሐይ ስለሚመታው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። ኢንሹራንስ አለ፣ ባዶውን የተቀመጠው ቤት ግብርና ኢንሹራንስም አለ። የሚቆጥቡ አሉ፤ የሚቆጥቡት ግን አሮጌ አርቪ በጥሬ ገንዘብ የገዙ፣ ራሳቸው የሚጠግኑና ከቆሙበት ቶሎ ቶሎ የማይንቀሳቀሱት ናቸው።

«ሜዲኬር ካለ ችግር የለም»

ለወላጆቹ የሚያስብ ሁሉ ይህን ክፍል ልብ ብሎ ያንብብ። ሜዲኬር መንግሥት ለአዛውንቶች የሚሰጠው የጤና መድን ነው፤ መደበኛው በመላው አሜሪካ፣ በሚቀበለው ሐኪም ዘንድ ሁሉ ይሠራል። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን ብዙውን ጊዜ በአካባቢ የታጠረ የሐኪሞች ዝርዝር አለው፤ ከድንገተኛ ሕክምና ውጪ አሪዞና ላይ ላይከፍል ይችላል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የሚሰጠው መድን፣ ሜዲኬይድ፣ ደግሞ የሚተዳደረው በየስቴቱ ነው፤ ከስቴት ሲወጡ ከድንገተኛ በቀር ብዙም አይከተልም። አዛውንት ወላጆቻችን ብዙዎቹ ያላቸው ይህኛው ነው። ክዋርትዛይት ሆስፒታል የላትም፤ ፓርከር ከተማ ያለው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ጥርስን መደበኛው ሜዲኬር በአብዛኛው አይሸፍንም። በዚህ ምክንያት ጡረተኞቹ ወደ ዩማ ወርደው፣ መኪናቸውን ድንበሩ ላይ አቁመው፣ በእግራቸው ሎስ አልጎዶኔስ ወደምትባለው የሜክሲኮ ከተማ ይሻገራሉ። ትንሽ ከተማ ናት፤ የጥርስ ሐኪሞቿ ግን በመቶዎች ይቆጠራሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ካርዱን ሁለቱንም መያዝ አለበት፤ ያለ ካርዱ መመለሻው ላይ ይጉላላል።

አንድ በሽታም አለ፦ ቫሊ ፊቨር። ከአሪዞና አፈር በአቧራ የሚነሳ ፈንገስ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሚይዝ ነው። ሳል፣ ትኩሳትና ድካም ስላለው ጉንፋን ይመስላል። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም ሊጀምር ስለሚችል፣ የሚኒሶታ ሐኪም «አሪዞና ነበርኩ» ካልተባለ ላያስበው ይችላል።

«ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ነው የሚውሉት»

በጃንዋሪ ትልቅ የአርቪ ትርኢት አለ፣ የማዕድንና የከበረ ድንጋይ ገበያ አለ፣ በአማተር ሬዲዮ የሚነጋገሩ፣ ድንጋይ የሚቆርጡ፣ ብርድ ልብስ የሚሰፉ ቡድኖች አሉ። ባልና ሚስቱ ቀን ቀን ተለያይተው ይውላሉ፤ አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በ30 ካሬ ሜትር ውስጥ ሲከርሙ ይህም ጥበብ ነው። የከተማዋ መቃብር ውስጥ አናቱ ላይ የግመል ምስል ያለበት ፒራሚድ ይታያል። በ1856 የአሜሪካ ጦር ግመሎችን ወደ ቴክሳስ ሲያስመጣ አብሮ የመጣው፣ በኦቶማን ግዛት የተወለደው ሐጂ ዓሊ የተቀበረበት ነው። እዚህ ሰዎች «ሀይ ጆሊ» ነው የሚሉት፤ በ1902 ሞተ። ግመል ያየ ሾፌር ሁሉ አንድ ቀን ቆም ብሎ ቢያየው አይቆጭም።

«ያን የሚያህል መኪና ለመንዳት ልዩ ፈቃድ አላቸው»

የላቸውም። እኛ ከ26,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን የጭነት መኪና ለመንዳት ተፈትነን፣ በሐኪም ታይተን ነው። ለግል ጉዳዩ 12 ሜትር አርቪ የሚነዳ የሰማንያ ዓመት ሰው በአብዛኞቹ ስቴቶች ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ጥቂቶች ለትልልቁ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከፊታችሁ አርቪ ካለ ርቀት ጠብቁ፤ በነፋስ ቀን ደግሞ ይበልጥ።

«እስኪሞቱ እንዲህ ይኖራሉ»

አይኖሩም። ብዙውን ጊዜ የሚያቆመው የአንዱ ዓይን ወይም ጉልበት ነው። ሁለቱም መንዳትና ቱቦ መግጠም የለመዱ ከሆኑ ጥቂት ዓመታት ይጨምራሉ፤ ባልየው ብቻ የሚያውቅ ከሆነ እርሱ በታመመ ዕለት ሚስቲቱ በረሃ ላይ መኪናውን ማንቀሳቀስ አቅቷት ትቀራለች። ከዚያ በኋላ አርቪው ይሸጥና ዩማ፣ ሜሳ ወይም አፓቺ ጀንክሽን ዕድሜያቸው ከ55 በላይ ለሆኑ በተከለሉ መንደሮች ውስጥ ከማይንቀሳቀሱት ትንንሽ ቤቶች አንዱ ይገዛል። ስፋቱ ከ37 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ውኃና መብራት ግን ከመንገድ ይመጣል። ከሚኒሶታም በአውሮፕላን ይመጣሉ።